የጦር ሜዳ ቍስለኛ ስለሚያርፍበት ክፍል

ወታደር ከጦር ሜዳ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ቍስል ይዞ ሊመለስ ይችላል። አንደኛው በሥጋው ላይ የሚታየው ነው፤ ጥይት የበሳውን፥ ፈንጂ የሰበረውን ሐኪም አይቶ ያጥበዋል፥ ይሰፋዋል፥ ይጠግነዋል። ሁለተኛው ግን ደም የማይፈስሰው፥ በጨርቅም የማይጠቀለለው የመንፈስ ቍስል ነው። ይህ ቍስል ያለበት ሰው ሲበላና ሲጠጣ፥ ከሰው ጋራ ሲነጋገር ደኅና ይመስላል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ቢተኛም እየጮኸ ይነቃል፤ በር ሲገጭ ይደነግጣል፤ ከኋላው ሰው ሲመጣበት እጁ ሳያስበው ወደ ወገቡ ይሄዳል። ሥጋው በአልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ልቡ ግን ገና ዘብ ቆሞ ያድራል።

ዘበኛ የሚያርፈው ተረኛው ሲመጣለት ነው። ለእንደዚህ ያለውም ሰው ተረኛ ሆነው ሊመጡለት የሚገባቸው ሐኪሙና አስታማሚው፥ ሚስቱና ልጆቹ፥ ባልንጀሮቹም ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ረዳት አለ፤ እርሱም የሚተኛበት ክፍል ነው። የአልጋው አቀማመጥ፥ የበሩ አከፋፈት፥ የመስኮቱ ብርሃን፥ የጣራው ድምፅ፥ እነዚህ ሁሉ ሰውየውን ከዘብነቱ ሊያወርዱት ወይም በዘብነቱ ሊያቈዩት ይችላሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ነው።

ይህ ነገር ለመሐንዲሶችና ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ነው፥ ለቤተ ሰብ ገጽ አይስማማም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ቍስለኛ በሐኪም ቤት የሚቈየው ለሳምንታት ወይም ለወራት ሲሆን በቤቱ የሚኖረው ለዓመታት ነው። የሐኪም ቤትን ሥራ የሚያዝዙና ገንዘብ የሚፈቅዱ ሹማምንት፥ ቤትንም የሚያስተዳድሩ እመቤቶች ነገሩን እኩል ሊያውቁት ይገባል።

አስቀድሞ የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በሰው አንጎል ውስጥ አደጋ በመጣ ጊዜ እንደ ደወል የሚያስጠነቅቅ አንድ ስፍራ አለ። ደወሉ ሲመታ ልብ ይፈጥናል፥ ጡንቻ ይወጠራል፥ ዐይንና ጆሮ ይነቃሉ፤ ሰው ገና ሳያስብ ይሸሻል ወይም ይዋጋል። በጦር ሜዳ ይህ ደወል የሕይወት ጠባቂ ነው። ወራትና ዓመታት በአደጋ ውስጥ ለኖረ ሰው ግን ሰላም ከመጣም በኋላ ደወሉ መምታቱን ላይተው ይችላል። የወደቀ ትሪ ጠመንጃ ይመስለዋል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ የጦር ሜዳውን እንደ ገና ያመጣበታል። ስለዚህ ሕመሙ የፈሪነት ምልክት አይደለም፤ በጦር ሜዳ ጠቃሚ የነበረው ንቃት በሰላም ጊዜ ሸክም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ይህን እውነት ዓለም የተቀበለው በብዙ ዋጋ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፥ በ1915፥ ቻርልስ ማየርስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ስለዚህ ሕመም ጻፈ፤ ስሙም የመድፍ ድንጋጤ ተባለ። በመጀመሪያ የመድፉ ፍንዳታ አንጎልን በማናወጡ የመጣ ብቻ መስሎ ነበር፤ በኋላ ግን መድፍ በአጠገቡ ባልፈነዳ ወታደር ላይም ታየ። በዚያው ጦርነት ከጦር ሜዳ ሸሹ፥ ፈሩ፥ ሌላም የጦር ሜዳ ጥፋት ሠሩ ተብለው በገዛ መንግሥታቸው ፍርድ በጥይት ከተገደሉት የእንግሊዝ ወታደሮች መካከል በዚህ ሕመም የተያዙ እንደ ነበሩባቸው ይታመናል። የእንግሊዝም መንግሥት ለ306ቱ ምሕረት ያደረገው ዘጠና ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ2006 ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱትን ወታደሮች ሥቃይ ካየ በኋላ፥ ከአሠቃቂ ነገር በኋላ የሚቀረውን የመንፈስ ጭንቀት በ1980 በሕመሞች መዝገብ ውስጥ በስሙ ጻፈው።

ክፍሉ ራሱ ወታደሩን ሊያድን ወይም ሊገድል እንደሚችል የታወቀው ግን ከዚህ በፊት ነው። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፥ በኅዳር ወር 1854፥ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት ከአስታማሚዎቿ ጋራ ከቍስጥንጥንያ ማዶ ወዳለው ወደ ስኩታሪ ሐኪም ቤት ገባች። ቤቱ የጦር ሰፈር የነበረ ትልቅ ሕንጻ ነው፤ ከሥሩ የእድፍ ቦይ ተደፍኖ ይሸት ነበር፤ አየሩ የታፈነ፥ ቍስለኛው የተጨናነቀ ነበር። በየካቲት 1855 ከሚታከሙት ከመቶው 42 ያህል ይሞቱ ነበር። በመጋቢት ከእንግሊዝ አገር የተላኩ የጤና መርማሪዎች መጥተው ቦዩን አስጠረጉ፥ የአየር መግቢያ አስከፈቱ፤ እስከ ሰኔም ድረስ የሟቹ ቍጥር ከመቶው ወደ 2 ወረደ። ከጥይት ይልቅ የቤቱ ብልሽት ብዙ ወታደር ገድሎ እንደ ነበረ በዚህ ታወቀ።

ናይቲንጌል ከጦርነቱ በኋላ ስለ ማስታመም ባሳተመችው መጽሐፍ ከንጽሕናና ከአየር ሌላ ስለ መንፈስ ዕረፍትም ጽፋለች። በሽተኛው ከተኛበት ሆኖ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት እንዲችል፥ ብርሃን እንዲያገኝ፥ በዐይኑ ፊት የአበባና የመልካም ቀለም ለውጥ እንዲኖር አሳስባለች። ድንገተኛ ድምፅ ከሚዘወተር ድምፅ ይልቅ እንደሚጎዳም አስታውቃለች። ከሁሉም የሚያስደንቀው ስለ ሹክሹክታ የጻፈችው ነው፤ በበሽተኛ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ መነጋገር፥ ታማሚው ስለ እኔ ምን ይሉ ይሆን እያለ ጆሮውን እንዲያቆም ስለሚያደርገው፥ እንደ ጭካኔ ይቈጠራል ብላለች። በእኛም አገር በበሽተኛ ራስጌ ተቀምጦ መንሾካሾክ እንደ አክብሮት ይቈጠራልና ይህን ምክር ልብ ማለት ይገባል።

በ1917 ገደማ ደግሞ ኬምፕ ፕሮሶር የተባለ ሰው፥ በለንደን ከተማ ማክኮል በሚባል ሐኪም ቤት ለደነገጡ ወታደሮች የሚሆን ክፍል በጸደይ ወራት ቀለም አስጌጠ፤ ጣራውን እንደ ሰማይ ሰማያዊ አድርጎ ለግድግዳውና ለዕቃው ብጫና አረንጓዴ መረጠ። ቀለም ብቻውን ያድናል የሚለው እምነቱ በማስረጃ አልጸናም፤ ነገር ግን ቍስለኛ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ነገር ሊታሰብበት ይገባል ማለቱ መልካም ነበረ።

ማስረጃው የመጣው በ1984 ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ መርማሪ በፔንሲልቫንያ በሚገኝ አንድ ሐኪም ቤት ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። ከእነዚህ 23ቱ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳይ ነበር፤ የ23ቱ ግን የጡብ ግንብ ብቻ ያሳይ ነበር። ዛፍ ያዩት በአማካይ በ7.96 ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግንብ ያዩት 8.70 ቀን ቈዩ፤ ዛፍ ያዩት ብርቱ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት አነስተኛ ነው። ይህ ጽሑፍ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ከታተመ ወዲህ በብዙ አገር የሐኪም ቤት መስኮት ወዴት ይክፈት የሚለው ጥያቄ እንደ ቅንጦት መቈጠሩ እየቀረ ሄደ።

አሁን ወደ ወታደሩ ክፍል እንመለስ። በ2014 የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤት የመንፈስ ቍስል ያለበትን ሰው ለሚያስታምሙ ሁሉ መመሪያ አውጥቶ ነበር። በመመሪያው ከተጻፉት መሠረቶች መካከል ደኅንነት፥ ግልጽነት፥ የባልንጀራ ድጋፍ፥ ታማሚው ራሱ የመምረጥ ሥልጣን እንዲኖረው ማድረግ ይገኙበታል። እነዚህ ቃላት በጡብና በእንጨት ሲተረጐሙ የሚከተለውን ይመስላሉ።

አልጋው የሚቀመጠው ታማሚው ተኝቶ ሳለ በሩን ማየት እንዲችል፥ ራስጌውም ወደ ግድግዳ እንዲሆን ነው። ጀርባው ለበር የተሰጠ ወታደር ዐይኑ አይከደንም። መተላለፊያው ሰው የሚደበቅበት የጨለመ ማዕዘን እንዳይኖርበት ይደረጋል፤ መጠምዘዣው ቢቻል ክብ ይሆናል፤ የሚመጣው ሰው ከሩቅ እንዲታይ ማለት ነው። መውጫው የት እንደ ሆነ በግልጽ ይታወቃል፤ መንገዱ የጠፋበት ሰው እንደ ተከበበ ይሰማዋልና።

ብርሃኑ ታማሚው በእጁ የሚያበራውና የሚያደበዝዘው ይሆናል። ይልቁንም ፍንዳታ አንጎሉን የነካው ሰው ብርቱና የሚርገበገብ ብርሃን ራሱን ያሳምመዋል። ድምፅም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ በበሽተኞች ክፍል የሌሊቱ ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል፥ ድንገተኛውም ከ40 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ 30 ዴሲቤል ማለት እንደ ዝግ ያለ ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ ይሠራል፥ የበሩ ጠርዝ እንዳይገጭ ጨርቅ ወይም ላስቲክ ይደረግበታል፥ የዕቃ መግፊያው ጋሪ እንዳይንቋቋ ይደረጋል።

መጋረጃውን መክፈትና መዝጋት፥ ወንበሩን ማዞር፥ ጠያቂን መቀበልና አለመቀበል ለታማሚው ይተዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በጦር ሜዳ ሕይወቱ በሌላው ትእዛዝና በዕድል እጅ ለነበረ ሰው፥ መጋረጃውን ራሱ መክፈቱ የራሱ ጌታ መሆን የሚጀምርበት ነው።

ታማሚው ለብቻው ይተኛ ወይስ ከባልንጀሮቹ ጋራ የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ለአዳዲስ ሐኪም ቤቶች በሚሰጠው የአሠራር መመሪያ ተራው በሽተኛ አንድ አልጋ ባለበት ክፍል እንዲተኛ ተወስኗል፤ ይህም ተላላፊ በሽታን ይቀንሳል፥ እንቅልፍንም ያሻሽላል። ወታደር ግን በጓድ የኖረ ሰው ነው። ብቻውን ሲዘጋበት የሞቱ ጓደኞቹ ከበው ሊይዙት ይችላሉ። ስለዚህ መልካሙ አሠራር ሌሊት ለብቻ የሚተኛበት ትንሽ ክፍል፥ ቀን ደግሞ ከእርሱ ጋራ ያንኑ ያዩ ሰዎች የሚቀመጡበት ሰፊ አዳራሽና አጸድ ማዘጋጀት ነው። ሁለቱም እንዲኖሩና ምርጫው የእርሱ እንዲሆን ያስፈልጋል።

ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በቤቴስዳ በ2010 የተከፈተው ኢንትሬፒድ የሚባለው የሕክምና ማእከል ለዚህ ምሳሌ ነው። አንጎላቸው በፍንዳታ ለተጎዳና መንፈሳቸው ለቈሰለ ወታደሮች ከግል ሰዎች በተሰበሰበ መዋጮ ተሠርቶ ለመንግሥት የተሰጠ ነው። በመካከሉ ዕፀዋት ያሉበት ሰፊ ስፍራ አለ፤ በወለሉም ላይ የተጠማዘዘ መንገድ ተሥሏል፤ ወታደሩ በዝግታ እየተራመደ ሐሳቡን እንዲሰበስብ ነው። በሌላ ክፍል ወታደሮቹ በአፍ ሊናገሩት ያልቻሉትን ነገር የፊት ጭንብል እየሠሩና እየቀቡ ያወጡታል።

አሁን ለመናገር የሚከብደውን ነገር ማንሣት አለብን። የዚህ ሕመም ትልቁ አደጋ ሰው በገዛ እጁ ሕይወቱን ማጥፋቱ ነው። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት በ2007 በአእምሮ ሕሙማን ክፍሎቹ ሁሉ ራስን ለመጉዳት የሚያመች ነገር እየተፈለገ እንዲወገድ አንድ የመመርመሪያ ዝርዝር አወጣ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ክፍሎች ከገቡት ከ100000 ሕሙማን ራሳቸውን የሚያጠፉት ከ2.64 ወደ 0.87 እንደ ወረዱ በ2012 ታትሟል። የሰው ልብ ሳይለወጥ ክፍሉ ብቻ ስለ ተለወጠ ብዙ ነፍስ ዳነ ማለት ነው፤ ያ ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ድንገት መጥቶ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ በዚያች ሰዓት መሣሪያው ከእጅ መራቁ ሕይወት ያተርፋል።

ይህ ለአገራችን ሩቅ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቍስለኞችን አክመዋል፤ ስለዚህ የዘመናዊ ሕክምናችን ታሪክ ከወታደር ቍስል ጋራ የተያያዘ ነው። በእኛም ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በሆነው ጦርነት ከየወገኑ የቈሰሉት ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የመንፈስ ቍስላቸውን የሚያስታምሙት በሐኪም ቤት ሳይሆን በእናታቸው ወይም በሚስታቸው ቤት ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ በቤት ሊደረግ የሚችለውን ቀጥለን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ አልጋውን በሩን በሚያይበት፥ ጀርባውም ወደ ግድግዳ በሆነበት ስፍራ አድርጉለት። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ፥ ማዕዘኑን በመጋረጃ ለይታችሁ ስጡት፤ መጋረጃውን ግን እርሱ ራሱ ይክፈተው፥ ይዝጋውም።

ሁለተኛ፥ ጣራውን አስቡ። የክረምት በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ የመትረየስ ተኵስ ይመስላል። ኮርኒስ ያልተሠራለት ቤት ቢሆን በአቡጄዲ ወይም በማዳበሪያ ጨርቅ ከታች መወጠር ድምፁን ያለዝበዋል። ደመናው ሲጠቍር «በረዶ ሊመጣ ነው» ብሎ አስቀድሞ መንገርም ይጠቅማል። ለሰርግ፥ ለበዓል ወይም ለለቅሶ ጠመንጃ የሚተኰስ ከሆነም እንዲሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከዚያ ርቆ ሊውል ቢፈልግ አትውቀሱት።

ሦስተኛ፥ ተኝቶ ሳለ በእጃችሁ ነክታችሁ አትቀስቅሱት። ከበሩ ላይ ቆማችሁ በዝግታ ስሙን እየጠራችሁ ቀስቅሱት። በእንቅልፍ ልቡ ቢመታችሁ ጠልቷችሁ አይደለም፤ ይህንም ለልጆች በሚገባቸው ቃል አስረዷቸው። «አባባ ሲተኛ ጦርነቱን በሕልሙ ያያል፤ ሲነቃ ግን ከእኛ ጋራ ነው» ብትሏቸው ይረዱታል። ልጅ ካልተነገረው አባቴ የተቈጣው በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ያስባልና።

አራተኛ፥ የጠያቂ ነገር ነው። በአገራችን ከዘመቻ የተመለሰውን ሰው ቤት ሞልቶ እንኳን በደኅና መጣህ ማለት የፍቅርና የክብር ልማድ ነው፤ ልማዱም አይጥፋ። ዳሩ ግን ጠያቂው በተራ፥ ሁለት ሦስት እየሆነ ይግባ፤ ታማሚውንም በመካከል ሳይሆን በዳር፥ ለመውጣት በሚመቸው ስፍራ አስቀምጡት። ፎክርልን፥ ስንት ጣልክ፥ እንዴት ቈሰልክ እያሉ ማስጨነቅ አይገባም። ራሱ ሊናገር የወደደ ቀን ግን ሥራን ትቶ መስማት ይገባል።

አምስተኛ፥ ለዐይኑና ለእጁ የሚሆን ነገር ስጡት። መስኮቱ ወደ ግንብ የሚያይ ከሆነ ከበታቹ ሬት ወይም ጽጌረዳ ትከሉ፤ ወይም ጧት ጧት ወንበሩን ወደ ደጅ አውጡለት። አጥር ማጠር፥ ጓሮ መኰትኰት፥ በግ መጠበቅ፥ ክራር መቃኘት፥ ከእነዚህ የወደደውን ይሥራ። የቡና ሥነ ሥርዓትም በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢደረግ፥ የሚታወቅ ሽታና የሚታወቅ ሰዓት የተበተነ ልብን ይሰበስባል። የከሰሉ ጭስ ወይም የዕጣኑ ሽታ የሚያስጨንቀው ሆኖ ከተገኘ ግን ይቅርበት።

ስድስተኛው ከሁሉ የበለጠ ነው። በብዙ ቤት ጠመንጃ በራስጌ ይሰቀላል፤ ለወንድ ልጅም ክብሩ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ፥ ከሰው የሸሸ፥ «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ» የሚል ሰው በሚተኛበት ክፍል ጠመንጃ አይስቀሉ። መሣሪያውን እርሱ በሚያከብረው ሰው፥ በታላቅ ወንድሙ ወይም በጓድ አለቃው ዘንድ አደራ ማስቀመጥ ክብሩን አይነካም። ሲነገርም እንዲህ ባለ ቃል ይነገር፦ «መሣሪያህን የምንቀማህ አይደለንም፤ እስክትድን ድረስ አደራ እንጠብቅልህ»። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ መሆኑን ከነገራችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ደንብ ይጨመር፤ እርሱም ታማሚውን ራሱን መጠየቅ ነው። የጨለመ ክፍል ለአንዱ ዕረፍት ነው፥ ለሌላው ምሽግ ነው። ዝምታ አንዱን ያረጋጋዋል፥ ሌላው ደግሞ ከአደጋ በፊት የነበረውን ዝምታ ያስታውሰዋል። «መብራቱ ይብራ ወይስ ይጥፋ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። ክፍል ብቻውን አያድንም፤ ሐኪምና መድኃኒት፥ የምክርም ሕክምና ያስፈልጋሉ። የሌሊት ቅዠቱ፥ ድንጋጤውና ከሰው መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቈየ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው የሐኪሙን መድኃኒት አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የሐኪም ቤት ሥራ በእጃቸው ያለ ሹማምንትም አዲስ ሕንጻ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ባለው ሕንጻ አልጋውን ማዞር፥ የበሩን ጠርዝ በጨርቅ ማልበስ፥ በመስኮቱ ፊት ዛፍ መትከል፥ ለየአልጋው መጋረጃ መስጠት፥ ለአስታማሚዎች ከመግባታቸው በፊት ስማቸውን ተናግረው እንዲገቡ ማዘዝ፥ ይህ ሁሉ በትንሽ ወጪና በአንድ ደብዳቤ ሊፈጸም የሚችል ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈ ነቢዩ ኤልያስ ከብዙ ተጋድሎ በኋላ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ፥ መልአኩ በመጀመሪያ አልገሠጸውም፥ ታሪኩንም አልጠየቀውም። ጥላ ባለበት ስፍራ እንዲተኛ ተወው፤ እንጎቻና ውሃም በራስጌው አኖረለት፤ ደግሞም እንደ ገና እንዲተኛ ተወው። ቃል የመጣው ከዕረፍቱ በኋላ ነው፤ እርሱም በነፋስና በእሳት አልነበረም፥ ዝግ ባለ ድምፅ ነበር እንጂ። እኛም ለአገሩ ቈስሎ ለተመለሰው ሰው አስቀድመን ጥላውንና ዕረፍቱን እናዘጋጅለት፤ ሽልማቱና ምስጋናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።